በስምሪት ክፍል የተቀመጠችው ሴት

ሰኞ ጠዋት ሰብሃት የስምሪት ክፍሉን ከፍቶ ሲገባ እሱ ያላስገባው ወንበር ጠበቀው። የስብሰባ አዳራሹ ወንበር ነው፤ ቀይ ጨርቅ የለበሰ፣ አንድ እግሩ አጠር ያለ። ከጠረጴዛው በስተቀኝ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ርቀት ላይ ተደርጓል። ሰብሃት ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቆሞ አየው። በዚያ መሥሪያ ቤት ወንበር ከክፍል ሲወጣ እንጂ ሲገባ ታይቶ አይታወቅም። የገባ ወንበር ደግሞ የሚቀመጥበት ሰው አለው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የሚቀመጥበት ሰው መጣ። አቶ ግዛቸው ራሳቸው ይዘዋት መጡ። አቶ ግዛቸው የሥራ ሂደቱ ባለቤት ናቸው፤ ድሮ «የክፍል ኃላፊ» ይባል የነበረው ማለት ነው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ናቸው። ከኋላቸው ሃያ ስምንት ዓመት የሚሆናት፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ሰማያዊ ደብተር በደረቷ ያቀፈች ሴት ቆማለች።

«ወይዘሪት ዕፀገነት ትባላለች» አሉ። «የአካል ጉዳተኞች ማዕከሉ ባለሙያ ናት። ለተወሰኑ ቀናት እዚህ ሆና አንዳንድ ነገር ታያለች። አንተ ሥራህን ቀጥል። ምንም አትጨነቅ።»

ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ነው። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ፣ ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ ሳይቀር በሪፖርት የሚታወቅበት ጊዜ። በዚያ ጊዜ አለቃ «አትጨነቅ» ካለ መጨነቅ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ሰብሃት ደግሞ ለመጠርጠር አስተማሪ አያስፈልገውም። ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲጠፋበት የኖረ ሰው ነው፤ ዕቃ የሚጠፋበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ራሱን ይጠረጥራል ወይ ሰውን። እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ራሱን ጠረጠረ። ሰለቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰው ዞረ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውንም አባባል እንደ ጠዋት ጸሎት ይደግመው ጀመር።

ተወልዶ ያደገው እዚያው ቦንጋ ነው። አያቱ ከሸዋ ከመጣ ሹም ጋር ጸሐፊ ሆነው መጥተው በዚያው ቀሩ፤ አባቱም ጸሐፊ ነበሩ። በቤታቸው ወረቀት ይከበራል፣ ቀለም ይከበራል። ሰብሃት ግን ገና በልጅነቱ ጨው ግዛ ተብሎ ሲላክ መንገድ ላይ ድልድይ ሲጠገን ያያል፣ እስኪመሽ ለሠራተኞቹ ድንጋይ ሲያቀብል ይውላል፣ ጨው የሚባል ነገር ትዝ የሚለው የቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። አባቱ ይገርፉታል፣ ያለቅሳል፣ ከልቡ ይምላል፣ በሳምንቱ ያንኑ ይደግማል። መምህራኑ «ጭንቅላት አለው፤ ልብ ማለት ግን አልፈጠረበትም» አሉ። ጅማ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ተማረና ለሦስተኛው ሳይመዘገብ ቀርቶ ተመለሰ። የምዝገባውን ቀን ረስቶት አይደለም፤ በደንብ ያውቀዋል። ነገ ነው፣ ነገ ነው ሲል ትናንት ሆነበት።

ይህ ሰው አርባ ሊሞላው አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ፣ እንጀራው ቁልፍ መጠበቅ ሆነ። እግዜርም ይቀልዳል። አራት መኪናና ሁለት ሞተር ሳይክል፣ የእነሱ ቁልፍ፣ የእነሱ መውጫ ወረቀት፣ ማን መቼ ወጥቶ መቼ እንደገባ የሚጻፍበት ትልቁ መዝገብ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው። አንድ ቀን የፒካፑ ቁልፍ ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ ተገኘና የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ዋጫ ለስብሰባ የሚሄዱ አምስት ሰዎች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካፊያ ሲወርድባቸው ቆሙ። ሰብሃት መሳቢያ ገለበጠ፣ ምንጣፍ ገለጠ፣ ሾፌሩን ደጉን «አንተ ነህ የወሰድከው» ብሎ በሰው ፊት አሳጣው። ቁልፉ የተገኘው ሚስቱ ፀጋ ቤት ውስጥ በዘፈዘፈችው ሸሚዙ ኪስ ነው፤ ከነሳሙናው በፌስታል አድርጋ አመጣችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰብሃት አንድ ነገር ያውቃል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው። ግምገማው ደግሞ ወር አይሞላውም።

እውነቱን ለመናገር ሰነፍ አልነበረም። የክረምት ዝናብ የሺሺንዳን መንገድ ደርምሶ ፒካፑን ከነተሳፋሪው ጭቃ ሲውጠው፣ ሌላው «ማን ይፍቀድ» እየተባባለ ሲጨነቅ፣ እሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገመድ፣ በሬና አሥራ አምስት ገበሬ በስልክ አሰባስቦ ነበር። ነገር ሲጦዝ ሰብሃትን የሚያህል የለም። «ቤት ሲቃጠል ሰብሃትን ጥሩት፣ ቤት ሲሠራ ግን ወዲያ በሉት» ይላሉ ሾፌሮቹ።

አቶ ግዛቸው እንደወጡ ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ አጠር ያለውን እግሩን በወረቀት ደገፈችና ፈገግ አለች።

«ጋሽ ሰብሃት፣ ባለቤትዎ ስለ እኔ ነግረውዎታል አይደል?»

አልነገረችውም። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ነገር ግን በዚያ መሥሪያ ቤት «አልሰማሁም» ማለት «ከነገሩ ውጭ ነኝ» ብሎ ማወጅ ነው። «ሰምተሃል?» የተባለ ሰው ምንጊዜም ሰምቷል፤ ምን እንደሰማ ግን በኋላ ቀስ ብሎ ያጣራል።

«አዎ፣ አዎ፣ በደንብ ነግራኛለች» አለ።

«ተስማምተዋል ማለት ነው?»

«ለምን አልስማማም!»

«ጎሽ፣ ቀለል አለኝ። ያለ እርስዎ ፈቃድ አልጀምርም ብያቸው ነበር። የእኔ ሥራ እንግዲህ መርፌም ክኒንም የለውም። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ ናይሮቢ ነው የተማርኩት። የዕለት ሥራው ያስቸገረው ሰው ሲኖር አጠገቡ ሆኜ ሥራው የቱ ጋ እንደሚሰናከል አያለሁ፣ ከዚያ ከእሱ ጋር ሆነን መላ እንፈልጋለን።»

«ሲሰናከል ያያሉ።»

«አዎ። በየደቂቃው እየጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ለአቶ ግዛቸው የምሰጠውን አስቀድሜ ለእርስዎ አነብልዎታለሁ፤ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ።»

ሰብሃት አንገቱን ነቀነቀ። መርፌ የሌለው፣ ክኒን የሌለው፣ ደብተርና ሰዓት ብቻ ያለው ሕክምና! እንዲህ ያለው ነገር ቦንጋ ውስጥ ሌላ ስም አለው፤ ስሙን ግን ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም። «አነብልዎታለሁ» የምትለዋንም ወጥመድ ላይ እንደተደረገ እህል ቆጠራት።

ጥያቄዋ ደግሞ ጥያቄ አይመስልም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ቁልፍ ሲቀበሉ በየትኛው እጅዎ ነው? አንድ ሥራ ጀምረው ሌላ ሰው ሲጠራዎት የመጀመሪያው ምን ይሆናል? ሰብሃት ለሁሉም መልስ ሰጠ፤ አብዛኛው ውሸት ነው። ጠዋት ሲነሳ ይጸልያል፣ ቁልፍ በቀኝ እጁ ይቀበላል፣ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። ዕፀገነት ውሸቱን ሁሉ በትዕግሥት ጻፈችው። አንዱን ብቻ እውነት መለሰ፤ እሱም አምልጦት ነው።

«ሰዓቱ መቼ እንዳለፈ ሳያውቁት የሚሠሩት ሥራ አለ?»

«ማንኪራ» አለ። «አማቴ ቤት ደቦ ሲጠራ። ቡና ውስጥ ለምንጣሮ እንወጣለን። ግራዬም ቀኜም ሰው አለ፣ እነሱ ሲሄዱ እሄዳለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጊዜ ቀና አልልም።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጻፈችውና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሰብሃት መስመሮቹን በዓይኑ ቆጠራቸው። አማቴን እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው? ሽማግሌው በመሬት ጉዳይ ቀበሌውን ከሰው ነበር፤ በዚያ ይሆን? የደቦውንስ ሕዝብ ስብሰባ ነው ሊሉት ነው? ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ደጉ ጉዳዩን በአንድ ቃል ጠቀለለው። ደጉ የዋለለትን የማይረሳ፣ የዋለበትን ግን የሚረሳ ልጅ ነው፤ ያቺን የሸሚዝ ቀን ከረሳት ቆይቷል።

«ጋሼ» አለው መኪናውን እያጠበ፣ «ደብተር የያዘ ሰው አጠገብህ ከተቀመጠ ወይ ልትሾም ነው ወይ ልትወርድ ነው። ለሹመት ደግሞ... ይቅርታ አድርግልኝና አላየሁህም።»

«የማን ናት ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማዕከሉ የፈረንጅ ገንዘብ አለው ይላሉ። የእነሱም ልትሆን ትችላለች፣ የእኛም ልትሆን ትችላለች፣ የሁለቱም ልትሆን ትችላለች። እኔ አንተን ብሆን ቀና ብዬ አላያትም፤ ሥራዬን ብቻ ነበር የምሠራው።»

ሰብሃትም እንደተባለው ሥራውን ሠራ። እንዴት ያለ ሥራ! የሰው ዓይን ጎኑ ላይ ተተክሎ እያለ እንዴት ይነሣ፣ እንዴት መስኮት ያይ! መዝገቡን ሲጀምር ይጨርሰዋል፤ ቁልፍ ሲቀበል ቦታው ላይ ያኖረዋል። ለስድስት ወር የተከመረ የመውጫ ወረቀት በሦስት ቀን ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል ተሰድሮ ፋይል ገባ። ደጉ ቁልፍ ሊወስድ ገብቶ ቁልፉ ወዲያው ሲሰጠው የተሳሳተ ክፍል የገባ መስሎት በሩን ዞሮ አየ። ሰብሃት ግን ይህን ሁሉ ለፍርሃቱ ሰጠው። «እንኳን ጠረጠርኳት» አለ በልቡ፤ «ባልጠረጥራት ኖሮ ይሄኔ ሦስት ቁልፍ ጠፍቶ ነበር።»

ቅዳሜ ግን ነገሩ ከመሥሪያ ቤት አልፎ ቤቱ ገባ። ገበያ ወርዶ ኮረሪማ ሻጮቹ ጋ ሲደርስ ፀጋንና ዕፀገነትን አያቸው። በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠግተው ያወራሉ። ፀጋ የምትናገር፣ ዕፀገነት የምትሰማ ናት። ፀጋ ባሏን ስታይ ወሬዋን ከመሃል ቆረጠችው።

«ምን ስታወሩ ነው?» አላት ወደ ቤት ሲመለሱ።

«ስለ ጎመን ነው። ጥሩ ጎመን የት እንደሚገኝ ጠይቃኝ።»

ፀጋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ መዋሸት አትችልበትም፤ ስትዋሽ እንደ ተማሪዎቿ ጣቷን ታፍተለትላለች። ሰብሃት ጣቷን አየ። አሥራ አራት ዓመት አብራው የኖረች ሴት፣ ቁልፉን ከሸሚዙ ኪስ እየፈለገች የምታወጣለት ሴት፣ እሷም! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ይሰማ ነበር፤ የሚስት አፍም ለባሏ ባዳ መሆኑን ያን ቀን አወቀው። እሑድ ሙሉ ቀን አላናገራትም። እሷ ስትወጣ ቦርሳዋን ፈተሸ፤ ጠመኔና የተማሪ ፈተና እንጂ ምንም አላገኘም። አለማግኘቱ ጭራሽ አበሳጨው።

ሰኞ ዕፀገነት ስልክ ተደውሎላት ወደ በረንዳው ስትወጣ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ትታው ወጣች። ሰብሃት ድምፅዋን ከውጭ እየሰማ ገለጠው።

«3፡10 ተቀመጡ፤ መዝገብ ከፈቱ። 3፡14 ተነሡ፤ መስኮት። 3፡15 ስልክ። 3፡21 ደጉ ገባ፤ የነጩን መኪና ቁልፍ ሰጡት፤ አልመዘገቡም። 3፡22 መኪናው ወደ ሺሺንዳ ወጣ።»

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው፤ ገና ሳይጠነቀቅ በፊት። ሁሉም እውነት ነው። ሰውን ለማስወገድ የሚጽፍ ሰው በአንቱታ እንደማይጽፍ ልብ አላለም፤ ገጹንም አልገለጠም። የሰብሃት ነገር እንዲህ ነው፤ አምስት መስመር ካነበበ የቀረውን ራሱ ይጽፈዋል። «መኪናው ወደ ሺሺንዳ ወጣ።» ሕክምና ከሆነ መኪናው ወዴት እንደወጣ ምን ያደርግላታል? ደብተሩን በነበረበት አኖረው።

ሊያስወጡት ነው። ሚስቱ ታውቃለች፣ አለቃው ያውቃሉ፣ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከቀደሙት አለቀለት፤ ከቀደማቸው ግን...

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ነጭ ወረቀት አወጣ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጀመረ። «ጉዳዩ፦ አጠራጣሪ እንቅስቃሴን ስለማሳወቅ።» ዕፀገነት የተባለች፣ የውጭ ገንዘብ ካለው ድርጅት የመጣች ግለሰብ፣ ሕክምና በሚል ሽፋን የመንግሥት ተሽከርካሪዎች በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ በደቂቃ ስትመዘግብ በዓይኑ ማየቱን፣ የሠራተኛውን የቤት ኑሮ፣ የዘመድ አዝማዱንም ጉዳይ ሳይቀር እንደምትጠይቅ፣ እሱም ንቁ ዜጋ እንደመሆኑ ዝም ማለት ኅሊናው እንዳልፈቀደለት ጻፈ። ሁለት ገጽ ሞላ። አንድ ቃል አልሰረዘም። አባቱ ቢያዩት ይኮሩበት ነበር፤ በዕድሜው ጀምሮ ሳይነሣ የጨረሰው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው።

ይህን ሁሉ ሲጽፍ ዕፀገነት አጠገቡ ተቀምጣለች። ሌላ ወረቀት እያነበበች፣ አልፎ አልፎ ሰዓቷን እያየች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ፈርሞ ቀና ሲል ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ጋሽ ሰብሃት፣ ዛሬ እኮ በጣም ጥሩ ሠሩ!» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ወረቀቱን ኪሱ ከተተው፤ ከሰዓት በኋላም ለአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ ሰጠው።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች ማዕከሉ ድረስ ሄደው ከኃላፊው ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። ዓርብ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ወንበሩም ሴትዮዋም አልነበሩም። ሴትዮዋ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳትገባ መከልከሏን፣ ማዕከሉም ወደ ሌላ ዞን እንዳዛወራት ደጉ በሹክሹክታ ነገረው። «ማን ጠቆመ ይሆን?» አለ ደጉ። ሰብሃት ትከሻውን ሰበቀ። ዕለቱን ሙሉ ጭነት እንደወረደለት በቅሎ ቀለለው።

ቅለቱ እስከ ሰኞ ነበር። ሰኞ የአንዱ ሞተር ሳይክል ቁልፍ ጠፋ። ማክሰኞ የሁለት መኪና መውጫ ሳይመዘገብ ቀረ። ረቡዕ መዝገቡ ራሱ ጠፍቶ መጸዳጃ ቤት መስኮት ላይ ተገኘ። ሰብሃት ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ መስኮት ያያል፣ ስልክ ያነሣል። ለምን እንደሆነ ገረመው እንጂ አልገባውም። «ደግመው ሰው ልከውብኝ ይሆናል፤ ሆን ብለው እየሰወሩብኝ ነው» አለ።

ግምገማው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተደረገ። ሃያ ሁለት ሠራተኛ ተቀምጧል። የሰብሃት ተራ ሲደርስ አቶ ግዛቸው መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። ሴትዮዋን ያስገቧት ራሳቸው ናቸው፤ በዚያ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጀመሪያ የተነካ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«የአቶ ሰብሃት ጉዳይ ከወር በፊት ያለቀ ጉዳይ ነበር» ብለው ጀመሩ። «የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ነበር የቀረው። ባለቤቱ ቢሮዬ መጥታ አለቀሰች። ስንፍና አይደለም፣ ችግር ነው፣ የሚያውቅ ባለሙያ አግኝቻለሁ፣ ትየውና ከዚያ የፈለጋችሁትን ወስኑ ብላ ለመነችኝ። እኔም ሰው ነኝ፣ ራራሁ። ባለሙያዋ የመጣችው ለዚህ ነው። ሠራተኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብሎ ስም እንዳያወጣለት ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ሰብሃት መጀመሪያ የሰማውን አላመነውም። ቀጥሎ የፀጋ ጣት ታየው።

«ሴትዮዋ ከከተማ በወጣችበት ቀን ይህን ትታልኝ ሄደች» አሉና አንድ ወረቀት ገለጡ። «ለቃለ ጉባኤው እንዲሆን አነበዋለሁ።»

አነበቡት። «አቶ ሰብሃት ሥራ የሚጠሉ ሰው አይደሉም። ትኩረታቸውን አንድ ቦታ ማቆየት ይከብዳቸዋል። ከልጅነት የሚጀምርና ጎልማሳም ሲሆኑ የማይለቅ ችግር ሊሆን ስለሚችል ጅማ ሐኪም ቢያያቸው ጥሩ ነው። እስከዚያው ግን ብቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው ይጎዳቸዋል። ደቦ ላይ ከሰው ጎን ሆነው ሲሠሩ ቀኑን ሙሉ አይደክሙም፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ሐሳባቸው ይበተናል። እኔ አጠገባቸው በተቀመጥኩባቸው ዘጠኝ ቀናት አንድም ቁልፍ አልጠፋም። ስለዚህ ጠረጴዛቸው ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሮ ከሌላ ሠራተኛ ጎን ይሁን፤ ቁልፎቹ ከመሳቢያ ወጥተው ዓይናቸው የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ መዝገቡም ቁልፍ ከተሰጠ በኋላ ሳይሆን ከመሰጠቱ በፊት ይሞላ። ይህ ለሦስት ወር ሳይሞከር እንዳይሰናበቱ በትሕትና እለምናለሁ። መሥራት እንደሚችሉ ምስክር ነኝ፤ ማክሰኞ ዕለት አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳይነሡ ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰብሃት ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። ያ የማክሰኞ ጽሑፍ ምን እንደነበር በአዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰው ያውቃል። አንዱ እሱ ነው።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ግዛቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህ ወረቀት ዋጋ ይኖረው ነበር። ነገር ግን ጻፈችው የተባለችው ግለሰብ በሰላይነት የተጠቆመች ናት። የጠቆማት ደግሞ አቶ ሰብሃት ነው። ጠላት ያልካትን ሴት ምስክር አድርገን እንቀበልልህ?»

ደጉ ከኋላ «እንዴ!» ሲል ተሰማ። ሰብሃት ተነሣ።

«የጻፍኩት ልክ አይደለም» አለ። «ሰላይ አይደለችም። ምንም አላደረገችም። ጠርጥሬ ነው። ደብተሯን ከፍቼ አንድ ገጽ እንኳ ሳልጨርስ ጻፍኩባት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጻፉብኝ፤ ስሟ ግን ይመለስላት።»

እንዲህ ያለ ግለ ሂስ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። የሚሰማው ሁልጊዜ «አልፎ አልፎ የሰዓት አጠቃቀም ችግር ነበረብኝ» ነው። ሰብሃት እውነቱን ከተናገረ ሰው የሚያምነው መሰለው።

«ይህን እንድትል ማን ነግሮህ ነው?» አለ አንዱ ከፊት መደዳ።

«ማንም።»

«ማዕከሉ ምን ቃል ገባልህ?»

«ምንም!»

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው እንዴት እንዲህ ይገለበጣል? ከኋላው ሰው ሳይኖር?» አለች ሌላዋ። «መጣራት አለበት።»

ሰብሃት ወደ አቶ ግዛቸው ዞረ። አቶ ግዛቸው የሚያዩት እንደማያውቁት ሰው ነው። «የመጀመሪያውን ስትጽፍ ፈርመህበታል» አሉት ቀስ ብለው። «አሁን የምትናገረውን ማን እንዳስጠናህ አላውቅም። እኔን ጭምር የሚነካ ነገር ነው፤ ልሸፍንልህ አልችልም።» እጅ ወጣ። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ የስንብት ደብዳቤው ሰኞ እንደሚደርሰውም ተነገረው። ደጉም እጁን አውጥቶ ነበር፤ አለማውጣት አስፈርቶት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ደረሰ። ፀጋ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ፈተና እያረመች ነው። ፊቱን አይታ እስክሪብቶዋን አኖረች። ሁሉንም ነገራት፤ ደብዳቤውንም፣ ማክሰኞንም፣ ወረቀቱንም።

«ትምህርት ቤታችን መጥታ አሠልጥናን ነበር» አለችው ሲጨርስ። «አንድ ቦታ ረግተው መቀመጥ ስለማይችሉ፣ ደብተር ስለሚጥሉ ልጆች። እጄን አውጥቼ ‹ልጁ አድጎ ባል ከሆነስ?› አልኳት። መምህራኑ በሙሉ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቆይታ ለብቻዬ አናገረችኝ። የእሱ ፈቃድ ከሌለ አልመጣም ስትለኝ ተስማምቷል ብዬ ዋሸኋት።»

«እኔም ነግራኛለች አልኳት።»

ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል። ሰብሃት ጎኗ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ቁጣው መጣበት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልለየለትም።

«ለምን አልነገርሽኝም ፀጋ? አንዲት ቃል ብቻ ብትነግሪኝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሥራዬም አይሄድም፣ የሰው ልጅም አላስባርርም ነበር። ለምን?»

ፀጋ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ሰብሃት አዎ ሊል ፈለገ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ያያት አስተያየት፣ እሑድ የፈተሸው ቦርሳ ትዝ አለው።